ጉልየልሞ ማርኮኒ ከራያ ቆላ ሲታይ

በራዲዮ ሙያ የተሰማራን ሰዎች ሁሉ፣ በስልክ አገልግሎትም ሆነ በአቪዬሽን፣ በሥርጭት ጣቢያም ሆነ በመሣሪያ ጥገና የምንውል፣ የጉልየልሞ ማርኮኒን ስም ገና ተማሪዎች ሳለን ሰምተነዋል። ብዙዎቻችን ከስሙ ጋር የምናስታውሰው ያለ ሽቦ ቴሌግራፍን ለዓለም ማስተዋወቁንና የኖቤል ሽልማት መቀበሉን ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ግን በሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የተሽከረከረ ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛው፣ የተላከ ምልክት በእርግጥ መድረሱ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ምልክቱ ከተላከለት ሰው ሌላ ማን ዘንድ ደርሷል የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ማርኮኒ ዕድሜውን ሙሉ መልስ ፈልጎለታል። ለሁለተኛው ግን የሚገባውን ያህል አላሰበበትም፤ የዚህም ዕዳ በመጨረሻ ለአገራችን ተርፏል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዎቹ ዛሬም ያላረጁ ለመሆናቸው ከቆቦ ሜዳ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። የቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የራያ ቆላ ላይ ትገኛለች። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ ወደ ላስታ የሚያወጣው ቁልቁለት ይከልሏታል። ፈቃድ ያገኘ አንድ የበረራ አፍቃሪ በዚህ ሜዳ ላይ ትንሽ ድሮን ቢያስነሣ፣ በእጁ የያዘው አስተላላፊ በ2,400 ሜጋኸርትዝ 100 ሚሊዋት ቢያወጣና አንቴናዎቹ ኃይል የማይጨምሩ ዓይነት ቢሆኑ፣ ግርዶሽ በሌለበት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ድሮኑ የሚቀበለው ኃይል ከአንድ ሚሊዋት በ80 ዴሲቤል ያነሰ ይሆናል። ይህም የአንድ ሚሊዋት መቶ ሚሊዮንኛ እጅ ማለት ነው። ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሌላ 6 ዴሲቤል ይቀነሳል። ድሮኑ ይህን ቁጥር ለክቶ፣ ከባትሪው ቮልቴጅ፣ ከከፍታውና ካለበት ቦታ ጋር አጣምሮ ወደ መሬት መልሶ ይልካል። ይህ መልስ ቴሌሜትሪ ይባላል። አብራሪው ዓይኑን በዚህ ቁጥር ላይ አድርጎ ሲሠራ፣ ማርኮኒ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በጀመረው መንገድ ላይ እየተጓዘ ነው።

ማርኮኒ በኤፕሪል 25 ቀን 1874 ጣሊያን አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ባለርስት ጣሊያናዊ ሲሆን፣ እናቱ አኒ ጄምሰን የአየርላንድ ተወላጅና ከታወቀው የውስኪ ጠማቂ ቤተሰብ የወጣች ነበረች። ወጣቱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በመደበኛ ተማሪነት አልተመረቀም። ሃይንሪኽ ኸርትዝ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ መኖሩን በሙከራ ካረጋገጠ በኋላ በ1894 በለጋ ዕድሜው ሲሞት፣ ማርኮኒ ስለ ኸርትዝ ሥራ የተጻፈውን አንብቦ በቦሎኛ አቅራቢያ በጶንቴኪዮ በሚገኘው የቤተሰቡ ቪላ ሙከራውን ጀመረ። በእጁ የነበሩት ዕቃዎች ሌሎች የሠሯቸው ነበሩ። ሞገድ ሲነካው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የብረት ብናኝ ያለበት የመስታወት ቱቦ ከፈረንሳዊው ኤድዋርድ ብራንሊ የተገኘ ነው። የማርኮኒ ድርሻ የነበረው እነዚህን ማሻሻልና የአስተላላፊውንና የተቀባዩን አንድ ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኝቶ ሌላውን ጫፍ በከፍታ ላይ መስቀሉ ነው። በዚህ ዘዴ ርቀቱ ከክፍል ወጥቶ ወደ ሜዳ፣ ከሜዳም ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ አደገ።

በ1895 ተቀባዩ መሣሪያ ከኮረብታ ማዶ እንዲቀመጥ በተደረገ ጊዜ ማርኮኒ ችግር ገጠመው፤ ከኮረብታው ባሻገር የሚሆነውን ማየት አይችልም። እንደሚተረከው ከሆነ፣ ከማዶ የቆመው ረዳት ምልክቱ ሲደርሰው ጠመንጃ እንዲተኩስ ተስማሙ። የተኩሱ ድምፅ ከኮረብታው በላይ ተሰማ። ይህን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምናደንቀው ሞገዱ ኮረብታ መሻገሩን ነው። ለሙያችን ከዚህ ያላነሰ ቁም ነገር ግን ተኩሱ ራሱ ነው፤ የሄደው ምልክት ስለ መድረሱ የሚመሰክር የመልስ መንገድ ነበረና። ዛሬ የቴሌሜትሪ ሥራ ከዚያ የጥይት ድምፅ በመሠረቱ አይለይም።

የአገሩ መንግሥት ለሙከራው ትኩረት ስላልሰጠው ማርኮኒ በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በዚያም ለፓተንት አመለከተ፤ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስም ደገፈው። በ1897 በብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ ላይ ከፍላት ሆልም ደሴት እስከ ላቨርኖክ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ምልክት ተላለፈ። በዚያው ዓመት ኩባንያው ተቋቋመ። በ1899 ምልክቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ተሻገረ። በ1900 ደግሞ አስተላላፊና ተቀባይ በአንድ የሞገድ ርዝመት እንዲቃኙ የሚያስችለውን፣ በቁጥር 7777 የታወቀውን ፓተንት ጠየቀ። በዚህ ቅኝት ሁለት ጣቢያዎች ሳይደነቃቀፉ ሊነጋገሩ ይችሉ ነበር። ኩባንያው ግን ከዚህ አልፎ የተቃኘ ምልክት ምስጢሩ የተጠበቀ መሆኑን ለደንበኞቹ መስበክ ጀመረ። ይህ አነጋገር በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

በዲሴምበር 1901 ማርኮኒ በሰሜን አሜሪካ ጫፍ በኒውፋውንድላንድ፣ ሲግናል ሂል በተባለው ኮረብታ ላይ ከሁለት ረዳቶቹ ከጆርጅ ኬምፕና ከፐርሲ ፓጄት ጋር ተቀመጠ። ከአትላንቲክ ማዶ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ከምትገኘው ከፖልዱ፣ በሞርስ ፊደል ሦስት ነጥቦች በተደጋጋሚ እንዲላኩለት ተቀጣጥሮ ነበር። የአንቴናው ሽቦ የተንጠለጠለው በነፋስ ኃይል በሚንሳፈፍ ካይት ላይ ነበር። ካይቱ በማዕበሉ ነፋስ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የአንቴናው ጠባይ ሳያቋርጥ ይለዋወጥ ስለ ነበር የተቃኘው መሣሪያ አልሠራ አለ። ማርኮኒ ያልተቃኘ መሣሪያና የጆሮ ማዳመጫ ለመጠቀም ተገደደ። በ12ኛው ቀን እኩለ ቀን ገደማ ሦስቱን ነጥቦች እንደ ሰማ ተናገረ፤ ኬምፕም ሰምቻለሁ አለ። ርቀቱ 3,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

ዜናው ዓለምን አናወጠ፤ ጥርጣሬም አስከተለ። ምስክሮቹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ምልክቱን ለመስማት አጥብቀው የሚሹ ነበሩ። በወረቀት ላይ የቀረ ምልክት የለም። የሚጠብቁትን ድምፅ ከመብረቅ ሁካታ መካከል የሚፈልጉ ጆሮዎች ያልነበረውን ሊሰሙ እንደሚችሉ ተቺዎቹ አስረዱ። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

የማርኮኒ ትልቅነት ከሁሉ በላይ የታየው ለዚህ ጥርጣሬ በሰጠው መልስ ይመስለናል። በፌብሩዋሪ 1902 ፊላደልፊያ በተባለች መርከብ ተሳፍሮ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ የተቃኘ መሣሪያ ይዞ፣ ከፖልዱ የሚመጣውን ምልክት በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀለም የሚጽፍ የሞርስ መሣሪያ አገናኘ። መርከቧ በራቀች ቁጥር ቦታውና ሰዓቱ ተመዘገበ፤ የመርከቧ አዛዥም በጥብጣቡ ላይ ፈረመ። ውጤቱ እንዲህ ነበር፤ ሙሉ መልእክት እስከ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ነጠላ ፊደል ደግሞ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ በሌሊት ተመዘገበ። በቀን ግን ምልክቱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ አላለፈም። ይህ መዝገብ ማርኮኒን በአንድ በኩል ሲደግፈው በሌላ በኩል የኒውፋውንድላንዱን የቀን ብርሃን አቀባበል ይበልጥ አጠያያቂ አደረገው። ሆኖም መዝገቡን አልደበቀውም። ቀንና ሌሊት ምልክትን እንደሚለያዩት ዓለም በዚህ ጉዞ ዐወቀ። ሞገድን ወደ ምድር የሚመልስ ንብርብር በከባቢ አየር ላይ እንዳለ ኬኔሊና ሄቪሳይድ በዚያው ዓመት ገመቱ፤ ኤድዋርድ አፕልተንም በ1924 በሙከራ አረጋገጠው።

በድሮን ሥራ ላይ ያለ ባልደረባ ከዚህ ታሪክ ለራሱ የሚወስደው ብዙ ነው። በመጀመሪያ፣ በስክሪኑ ላይ የሚታየው የምልክት ኃይል በድሮኑ ላይ የተለካ ነው ወይስ በመሬት ላይ ባለው ተቀባይ የተለካ ነው ብሎ መለየት ይገባዋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ድሮኑ የሚልክበት ኃይል ከመሬቱ አስተላላፊ ኃይል ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቴሌሜትሪው ከትእዛዙ መስመር ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ የምልክት ኃይል ብቻውን ሙሉ ምስክር አይሆንም። በአቅራቢያው ሌላ አስተላላፊ ካለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲታይ የሚደርሰው ትእዛዝ ግን የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ከተላኩት መልእክቶች መካከል ምን ያህሉ ሳይበላሹ እንደ ደረሱ የሚያሳየውን ቁጥር አብሮ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የማርኮኒ ካይት ያስቸገረው ነገር ድሮንንም ያስቸግራል። ድሮኑ ሲያዘነብልና ሲዞር የአንቴናው አቅጣጫ ይለወጣል። የሽቦ አንቴና ጫፍ ወደ አስተላላፊው ሲያመለክት የሚቀበለው ኃይል እጅግ ይደክማል፤ ሁለት አንቴና ያለው ተቀባይ አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ተለይቶ እንዲሰካ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የራያ መሬትም የራሱ ጠባይ አለው። በ2,400 ሜጋኸርትዝ በ1 ኪሎ ሜትር መስመር ላይ ሞገዱ ሳይደናቀፍ እንዲያልፍ መሐል ላይ ከመስመሩ በታችም ሆነ በላይ 5.5 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይሻል። ማሽላው ሰው ቁመት አልፎ በደረሰበት ወራት ድሮኑ ዝቅ ብሎ ቢበር፣ ውኃ ያዘለው አገዳና ቅጠል ይህን ቦታ ይይዝበታል። ዓይን ድሮኑን እያየ ምልክቱ ሊዳከም የሚችለው ለዚህ ነው። መፍትሔው የመሬቱን አንቴና ከፍ ማድረግ፣ ከበረራ በፊት ኃይሉን ቀንሶ በአጭር ርቀት መሞከር፣ ማስጠንቀቂያው ተቀባዩ ከሚደነቁርበት ወሰን በበቂ ዴሲቤል ቀድሞ እንዲጮህ ማድረግ፣ ምልክት ሲቋረጥ ድሮኑ የሚወስደውንም እርምጃ ተሽከርካሪ ክንፎቹን አውልቆ አስቀድሞ መፈተን ነው። ከሁሉ በላይ ግን በረራው ይመዝገብ። የፊላደልፊያ ጥብጣብ ያደረገውን ዛሬ በድሮኑ ውስጥ ያለች ትንሽ ማኅደር ታደርገዋለች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በጁን 1903 ታዋቂው ሳይንቲስት ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ማርኮኒ ዘዴ ንግግር በሚያደርግበት ጊዜ፣ ከሩቅ ከማርኮኒ የሚላከውን መልእክት ለመቀበል የተዘጋጀው መሣሪያ ያልተጠበቀ ነገር መምታት ጀመረ። በተቀባዩ ላይ የሚያፌዝ መልእክት ነበር። ላኪው ኔቪል ማስክሊን የተባለ የምትሀት ትርዒት አሳዪና የራዲዮ ተመራማሪ እንደ ነበረ ራሱ አስታወቀ። ፍሌሚንግ በጋዜጣ ተቆጣ፤ ማስክሊን ግን የተቃኘ ሞገድ ምስጢር ጠባቂ እንዳልሆነ በአደባባይ አሳይቷል። ሞገድ በአየር ላይ ከተለቀቀ በኋላ ላኪው አድማጩን አይመርጥም። ኩባንያው ይህን ነቀፋ እንደ ክብር ነክ ነገር እንጂ እንደ ትምህርት አልተቀበለውም።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት የዝና ዘመን ነበሩ። በ1909 ማርኮኒ ከጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ጋር የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ ስትሰጥም የኩባንያው ሠራተኞች ጃክ ፊሊፕስና ሃሮልድ ብራይድ የላኩት የድረሱልን ጥሪ ካርፓቲያ በተባለችው መርከብ ስለ ተሰማ ከ700 በላይ ሰዎች ዳኑ፤ ፊሊፕስ ግን በዚያው ቀረ። በዚሁ ዘመን ስሙ ወደ ቀይ ባሕርም ደርሶ ነበር። በ1911 በጣሊያን አገር በፒሳ አቅራቢያ ኮልታኖ ላይ የተመረቀው ኃይለኛ ጣቢያ ከምጽዋ ጋር ይገናኝ ነበር። ሮም በቅኝ ግዛቷ ላይ ያላትን ትእዛዝ በሞገድ ማስተላለፍ የቻለችው ከዚያ ጀምሮ ነው። ማርኮኒ የሌሎችን ድርሻ ለራሱ አድርጓል የሚለው ክስም በሕይወቱ ሙሉ ተከትሎታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሞተ በኋላ በ1943 አንዱን ዋና ፓተንቱን በከፊል ሲሽር ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን ቀድመው የሠሩትን አገናዝቧል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤሌትራ የተባለች መርከብ ገዝቶ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ አደረጋት። በ1923 በአጭር ሞገድ በትንሽ ኃይል እጅግ ሩቅ መድረስ እንደሚቻል በእርስዋ ላይ ሆኖ አረጋገጠ። በ1922 ኒው ዮርክ ላይ ባደረገው ንግግር ከመርከብ ተንፀባርቆ የሚመለስ ሞገድ መርከቧን በጭጋግ ውስጥ ሊያሳይ እንደሚችል ተናግሯል፤ ይህም በኋላ ራዳር የተባለው ነው። በ1934 ደግሞ በሴስትሪ ሌቫንቴ የኤሌትራ የመሪ ክፍል መስኮቶች ተሸፍነው መርከቧ በ60 ሳንቲሜትር ገደማ ሞገድ ብቻ እየተመራች በሁለት ተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል አለፈች። ዓይን ሳያይ፣ በምልክት ኃይል ብቻ መንገድን መጠበቅ ማለት ነው፤ የዛሬው በራሪ መሣሪያ የሩቅ ቅድመ አያት ብንለው አንሳሳትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ማርኮኒ ከፋሺዝም ጋር ተጣምሮ ነበር። በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። የአገሪቱን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በፕሬዚዳንትነት መራ። በ1930 የጣሊያን አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሲሆን በዚህ ሥልጣኑ የፋሺስቱ ታላቅ ምክር ቤት አባልነትን አገኘ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅና ሲወር ማርኮኒ ዝም አላለም፤ ወደ ብራዚል ተጉዞ ለወረራው ድጋፍ ሰበከ፤ በለንደንም የጣሊያንን አቋም በቢቢሲ ሊያሰማ ፈልጎ ተከለከለ። ራዲዮን ሰዎችን የሚያቀራርብ መሣሪያ እያለ ሲያወድስ የኖረ ሰው ይህን ሲያደርግ ያስገደደው አልነበረም።

በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያም ድምፅዋን በሞገድ ለማሰማት ትጥር ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1935 ለአሜሪካ አድማጮች ንግግር ያሰሙት ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው የአቃቂ ጣቢያ ነበር፤ ጣቢያውን የሠራው ደግሞ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ ነው። በሰሜኑ ግንባር ግን የራዲዮ መሣሪያው ጥቂት፣ የምስጢር ጽሕፈቱም ደካማ ነበር። የጣሊያን ጦር ክፍሎቹን በራዲዮ ከማገናኘቱም በላይ የኢትዮጵያን መልእክት አድፍጦ የሚያዳምጥ ክፍል ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ ከማይጨው ውጊያ በፊት በነበሩት ቀናት ለእቴጌ መነን የላኩት፣ ለጥቃት መወሰናቸውን የሚገልጸው የራዲዮ መልእክት በጠላት እጅ ገባ፤ ተነበበም። ጥቃቱ በቀናት ሲዘገይ ጠላት ምሽጉን አጠናከረ።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ተነሣ። ክቡር ዘበኛው ሳይቀር በጀግንነት ተዋጋ፤ ነገር ግን ተጠባብቆ ወደ ቆመ ምሽግ ነበር የሚሮጠው። ወደ ኋላ በሚያፈገፍግበት ጊዜ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ከአየር ዘነበበት። ከማይጨው በአሸንጌና በኮረም አድርጎ፣ በግራ ካሕሱ ቁልቁለት ወደ አላማጣና ወደ ቆቦ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ይህ የሆነው በቅርብ እንደ ነበረ ያውቃል። ሽንፈቱን ያስከተለው አንድ መልእክት ብቻ ነው አንልም፤ አውሮፕላኑ፣ መድፉና ጋዙ ነበሩ። ሆኖም ማስክሊን በለንደን በፌዝ ያሳየው ነገር በራያ ደጋ ላይ በደም ተደገመ። ምልክቱ አዲስ አበባ ደርሷል፤ በዚያው ኃይል ለጠላትም ደርሷል።

ማርኮኒ በጁላይ 20 ቀን 1937 ሮም ላይ በ63 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። መንግሥቱ በታላቅ ክብር ቀበረው፤ የብሪታንያ የራዲዮ ጣቢያዎችም ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉለት። ያን ጊዜ አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ነበረች።

እኛ የሙያው ልጆች ይህን ሰው እንዴት እናስበው? ሥራውን ከታሪካችን ልንፍቅ አንችልም፤ በየቀኑ እንጠቀምበታለንና። ወንጀሉን ልንሸፍንለትም አይገባም። የሁለቱም ጥያቄዎቹ ወራሾች ነን። በቆቦ ሜዳ ድሮን የሚያበር ባልደረባ የምልክቱን ኃይል በመዝገብ ማረጋገጥን ከፊላደልፊያ መርከብ ይማራል። ከማይጨው ደግሞ፣ ድሮኑ የሚልከው ቴሌሜትሪ ያለበትን ቦታ፣ የተነሣበትን ሥፍራና የቆመበትን ሰው ጭምር ለሚያዳምጥ ሁሉ ሊገልጥ እንደሚችል ይማራል። በብዙዎቹ የትርፍ ጊዜ መሣሪያዎች ውስጥ ይህ መልእክት አልተመሰጠረም። አስተላላፊና ተቀባይን የሚያጣምረው የይለፍ ቃልም ከመደነቃቀፍ ይከላከላል እንጂ ምስጢር አይጠብቅም። ስለዚህ አስፈላጊ ያልሆነውን ኃይል መቀነስ፣ አስፈላጊ ያልሆነውን መረጃ አለመላክ፣ መመስጠር የሚችል መሣሪያ ሲገኝ መመስጠር የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው። ለጀማሪዎቻችን የምልክት ኃይል እንዴት እንደሚለካ ስናስተምር፣ ያ ምልክት ማን ዘንድ እንደሚደርስና ለምን እንደሚውል አብረን ልንጠይቃቸው ይገባል።